ከኮሌጅ ስፕሬድ ወደ ኤንኤፍኤል፦ ወጣቱ ኳርተርባክ ከምን ይጀምር?

በአሜሪካ ፉትቦል ከኮሌጅ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ የሚሻገር ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች፣ በሚመዘንበት ወቅት ወሬው ሁሉ ስለ ክንዱ ጉልበት፣ ስለ ቁመቱና ስለ ፍጥነቱ ይሆናል። በስፕሬድ አጨዋወት ያደጉ ወጣቶች በሊጉ ሲቸገሩ የምናየው ግን ኳስ መወርወር አቅቷቸው አይደለም። በኮሌጅ ሳሉ አሰልጣኛቸው ከሜዳው ዳር ቆሞ ይሠራላቸው የነበረው ሥራ በጥቂት ወራት ውስጥ የእነሱ ሥራ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ለሽግግሩ የሚዘጋጅ ተጫዋችም ሆነ የሚያዘጋጀው አሰልጣኝ ልምምዱን በዚህ ቅደም ተከተል ቢይዘው ይመረጣል፦ መጀመሪያ አፍ፣ ቀጥሎ እግር፣ ከዚያ ዓይን። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዓይን፣ ማለትም የተከላካዮችን አሰላለፍ ከማንበብ ነው። ይሁን እንጂ የስልቱን ጥሪ ለመናገር የሚታገልና እግሩ የት እንደሚያርፍ የሚጨነቅ ወጣት ለማንበብ የሚተርፍ ሐሳብ የለውም።

በቅድሚያ ወጣቱ ይዞት የሚመጣውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስፕሬድ ተቀባዮችን በሜዳው ስፋት ላይ በመበተን ተከላካዮች እንዲሳሱ የሚያደርግ አጨዋወት ነው። አንደኛው ዘሩ አሰልጣኝ ሪች ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግሌንቪል ስቴት ያዳበረው፣ ኳርተርባኩ አንድን ተከላካይ እያየ ኳሱን ለሯጩ የሚሰጥበት ወይም ራሱ ይዞ የሚሮጥበት ዞን ሪድ ነው። ሌላው አሰልጣኞቹ ሃል ሙሚና ማይክ ሊች በአይዋ ዌስሊያን የጀመሩት፣ በኋላም ሊች በቴክሳስ ቴክ ያስፋፋው ኤር ሬድ ሲሆን በውርወራ ላይ የተመሠረተ ነው። በሁለቱም ኳርተርባኩ ኳሱን ከመሬት አንሥቶ ከሚሰጠው ከሴንተሩ አምስት ያርድ ያህል ወደ ኋላ ርቆ፣ ሻትገን በሚባለው አቋቋም ይቆማል፤ ቡድኑ በአብዛኛው ሃድል አይሠራም፣ ማለትም ስልቱን ለመስማት ክብ ሠርቶ አይሰበሰብም፤ ሁሉም ተጫዋች ወደ ሜዳው ዳር ዞር ብሎ ምልክት ወይም ሰሌዳ አይቶ ይሰለፋል። የኦበርን ዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ ካም ኒውተን ከ2011 ድራፍት፣ ማለትም የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ከሚመርጡበት ሥርዓት፣ በፊት በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ረጅም የስልት ጥሪ እንዲናገር ሲጠየቅ፣ በኦበርን ከዳር የሚታይ አንድ ቁጥር ሙሉውን ስልት እንደሚወክል አስረድቶ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎች ይህን የማሰብ ድክመት አድርገው ወሰዱት። ኒውተን ግን በዚያው ዓመት ለኤንኤፍኤሉ ቡድን ለካሮላይና 4,051 ያርድ ወርውሮ፣ በውርወራ 21 በሩጫ ደግሞ 14 ታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚው የግብ ክልል ውስጥ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስመዝግቦ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። የጎደለው ቋንቋው ነበር፤ ቋንቋ ደግሞ ይለመዳል።

ሜዳው ራሱም ይለያል። ኳሱ የሚቀመጥባቸው ሁለቱ የውስጥ ምልክቶች፣ ማለትም ሃሽ ማርክ የሚባሉት፣ በኮሌጅ 40 ጫማ ተራርቀው ሲሰመሩ በኤንኤፍኤል የሚለያዩት በ18 ጫማ ከ6 ኢንች ብቻ ነው። በኮሌጅ ኳሱ በአንደኛው ሃሽ ላይ ሲያርፍ አንዱ ጎን እጅግ ሰፊ ስለሚሆን ተከላካዮች ያንን ስፋት ለመሸፈን ቀድመው መንቀሳቀስና ሐሳባቸውን መግለጥ ይገደዳሉ። በኤንኤፍኤል ኳሱ ሁልጊዜ ወደ መሐል የቀረበ ስለሆነ ተከላካዩ ከሁለቱም ጎን በእኩል ርቀት ቆሞ ሐሳቡን ሊሸሽግ ይችላል። በተጨማሪም ኳስ ወደ ፊት በሚወረወርበት ጊዜ የከለላ መስመሩ ተጫዋቾች በኮሌጅ እስከ 3 ያርድ፣ በኤንኤፍኤል ግን 1 ያርድ ብቻ ወደ ፊት እንዲሄዱ ይፈቀድላቸዋል። ሩጫና ውርወራን በአንድ ስልት አጣምሮ የያዘውን አርፒኦ የለመደ ኳርተርባክ በኮሌጅ የነበረችውን አንዲት ተጨማሪ ቅጽበት ቢጠቀምባት ዳኛው የጥፋት ምልክት የሆነውን ባንዲራ ይወረውርበታል። በመሆኑም ከመጨረሻው የኮሌጅ ግጥሚያ በኋላ የሚደረግ ልምምድ ሁሉ በኤንኤፍኤል ሃሽ ልክ በተሰመረ ሜዳ ላይ እንዲሆን ይመከራል። ቀላል ነገር ነው፤ የሚያስገርመው የሚዘነጋ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አፍ እንሂድ። አንድ ስልት እንዳበቃ ብዙውን ጊዜ የ40 ሰከንድ ቆጠራ ይጀምራል። አሰልጣኙ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሄልሜት ሬዲዮ ለኳርተርባኩ መናገር የሚችለው ሰዓቱ 15 እስኪያሳይ ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ድምፁ ይቋረጣል። በእነዚህ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወጣቱ ጥሪውን ሰምቶ፣ ለአሥር ሰዎች ሳያዛንፍ ደግሞ፣ ቡድኑን አሰልፎ፣ የተከላካዮችን አቋቋም አይቶ፣ አስፈላጊ ከሆነ ስልቱን ቀይሮ ኳሱን ማስጀመር አለበት። የኮሌጁ ከፍተኛ ምድብ ራሱ ከ2024 ጀምሮ ሬዲዮውን ስለፈቀደ የአሁኖቹ ወጣቶች ድምፁን ለምደውት ይመጣሉ፤ ሃድል ውስጥ ቆሞ መናገርን ግን ሬዲዮው አያስተምርም።

ጥሪው ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያህል እኔ ያቀናበርኩትን አንድ አጭር ምሳሌ እንውሰድ፦ "ትሪፕስ ራይት፣ ዚ ሾርት፣ 2 ጄት፣ ኤክስ ስላንት፣ ኤፍ ፍላት፣ ኦን ቱ።" የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ተቀባዮች በቀኝ እንዲሰለፉ ያዛል። ሁለተኛው ዚ የተባለው ተቀባይ ከስናፕ፣ ማለትም ሴንተሩ ኳሱን ከማስነሣቱ፣ በፊት ወደ ውስጥ እንዲጠጋ ይነግረዋል። "2 ጄት" ለከለላ መስመሩ የተላከ መልእክት ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ የተቀባዮቹ የሩጫ መስመሮች ናቸው፤ የመጨረሻው ኳሱ በሁለተኛው ድምፅ እንዲነሳ ያሳስባል። የእውነተኞቹ ጥሪዎች ከዚህ በእጥፍ ሊረዝሙ ይችላሉ፤ አንዳንዴም ሁለት ስልቶች በአንድ ጥሪ ይያዛሉ፤ ኳርተርባኩ መስመሩ ላይ ደርሶ "ኪል" ብሎ ሲጮህ የመጀመሪያው ተሰርዞ ሁለተኛው ይጸናል ማለት ነው።

ይህን ለመለማመድ ሜዳም ኳስም አያስፈልግም። አሥር ወንበሮች በሃድል ቅርጽ ይደረደራሉ። አንድ ሰው ከሌላ ክፍል በስልክ ጥሪውን አንዴ ብቻ ያነብባል፤ ወጣቱ ወደ ወንበሮቹ ገብቶ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ይደግመዋል። ጥሪውን በሦስት ትንፋሽ መክፈል ይረዳል፦ አሰላለፉን በአንድ ትንፋሽ፣ ከለላውን በሁለተኛው፣ የሩጫ መስመሮቹንና ቆጠራውን በሦስተኛው። ከለላው ለብቻው በራሱ ትንፋሽ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመስመሩ አምስት ሰዎች የሚጠብቁት ያቺን ቃል ስለሆነ በሌሎች ቃላት መካከል ተውጣ እንዳትቀር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣቱ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ፣ እያለከለከ ይናገራል። ከዚያም ጥሪው ሆን ተብሎ ሲቆራረጥበት የጎደለውን ቃል ከቀሪው ተነሥቶ መሙላት ይለማመዳል፤ ይህን የሚችለው እያንዳንዱ ቃል የሚያዘውን ሥራ ሲያውቅ እንጂ ሙሉውን እንደ ግጥም ሲሸመድድ አይደለም። ጥሪው ፈጽሞ ከጠፋበት ግምታዊ ስልት ከመፍጠር ይልቅ በእጅ አንጓው ላይ ካለው ካርድ አንዱን ቁጥር ማንበብ ይሻለዋል።

የቆጠራው ድምፅም ሥልጠና ይፈልጋል። ብዙ የስፕሬድ ቡድኖች ኳሱን የሚያስነሱት በጭብጨባ ነው። በኤንኤፍኤል ግን ኳርተርባኩ ድምፁን እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል፤ አንዱን ቃል ጠንከር አድርጎ በመጥራት ተከላካዩን ያለ ጊዜው ያስዘልላል፣ በዚህም አምስት ያርድ በነጻ ያገኛል። ድምፁ በየስልቱ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ቀድመው የሚዘሉት የራሱ ሰዎች ናቸው።

እግርን በተመለከተ ዋናው አዲስ ነገር ከሴንተሩ ጀርባ ተጠግቶ ኳስ መቀበል ነው። አሁን በኤንኤፍኤልም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስልቶች ከሻትገን ስለሚጀምሩ አንዳንዶች ይህን ልምምድ ጊዜ ያለፈበት አድርገው ያዩታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በአጭር ርቀት፣ በግብ መስመር አካባቢና በተለይ ሩጫ መስሎ በሚጀምረው የፕሌይ አክሽን ውርወራ ላይ ይህን የማይችል ኳርተርባክ የአሰልጣኙን ግማሽ ፕሌይቡክ፣ ማለትም የስልት መዝገብ፣ ያዘጋበታል። አቀባበሉ እንዲህ ነው፦ የሚወረውርበት እጅ ከላይ ሆኖ የሴንተሩን መቀመጫ በግልጽ እስኪሰማው ድረስ ይጫናል፤ ሌላው እጅ ከሥር ተከፍቶ በእጅ አንጓ በኩል ከላይኛው ጋር ይገጥማል፤ ክርኖቹ በትንሹ ይታጠፋሉ። ሴንተሩ ኳሱን ሲያነሣ ሰውነቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ እጆቹም አብረውት ጥቂት መሄድ አለባቸው። ከሻትገን የሚመጡ ወጣቶች ዘወትር የሚፈጽሙት ስህተት ለማፈግፈግ ቸኩለው እጃቸውን ቀድመው መሳብ ሲሆን ውጤቱም መሬት ላይ የወደቀ ኳስ ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ፣ እርጥብ ኳስም ጨምሮ፣ ከአንድ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ሴንተሮች ጋር መለማመድ ያስፈልጋል፤ በግጥሚያ መሐል ሴንተር ሊጎዳ ይችላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የማፈግፈጊያው እርምጃ ነው። ቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ በቀኝ እግሩ ረጅም እርምጃ ወደ ኋላ ይጀምራል። በአምስት እርምጃ ማፈግፈግ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ርቀት የሚገኝባቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አጫጭርና ፍጥነት የሚበረድባቸው ናቸው። ከሻትገን ሲሆን ርቀቱ በከፊል ስለተገኘ ያው ስልት በሦስት እርምጃ ይፈጸማል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው እግር ሰዓት መሆኑ ነው፦ የኋላ እግሩ አምስተኛውን እርምጃ ሲረግጥ ኳሱ ለመጀመሪያው ተቀባይ ይወጣል፤ ካልወጣ አንድ ትንሽ ወደ ፊት ዝላይ ተደርጎ ለሁለተኛው፣ ሌላ ዝላይ ተደርጎ ለሦስተኛው ይሆናል። በኮሌጅ ስፕሬድ ብዙ ስልቶች ኳርተርባኩ በቦታው ቆሞ አንድ ተከላካይ እስኪወስን እንዲጠብቅ ስለሚያደርጉ እግሩ ሰዓቱን አያውቅም፤ ወይ ይቆማል፣ ወይ ሲጨንቀው ይሮጣል። ልምምዱ ያለ ኳስ ይጀመራል፤ አሰልጣኙ ከፊት ቆሞ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ሲያሳይ ወጣቱ በዚያው ቁጥር ልክ ዘልሎ፣ የእግሩን ጣቶች ወደሚወረውርበት አቅጣጫ አዙሮ ይቆማል።

እግርና ዓይን የሚገናኙበት ቦታ ፕሌይ አክሽን ነው፤ አስቸጋሪነቱም ከሁሉ ይበልጣል። ኳርተርባኩ ከሴንተሩ ኳሱን ተቀብሎ ለሯጩ የሚሰጥ ለመምሰል ጀርባውን ለተከላካዮች ይሰጣል። በሻትገን ሳለ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ዓይኑን ከሜዳው ነቅሎ የማያውቅ ወጣት አሁን ከአንድ ሰከንድ በላይ ምንም አያይም። ተከላካዮች ቦታ የሚለዋወጡት ደግሞ በዚያችው ሰከንድ ነው። ጀርባውን ሲያዞር ከኋላ ሁለት ሴፍቲዎች፣ ማለትም ከሁሉም ኋላ የሚቆሙ ተከላካዮች፣ ነበሩ፤ ሲመለስ አንዱ ወርዶ በተቀባዩ መስመር ላይ ቆሟል። መፍትሔው ዞሮ ሲመለስ ሜዳውን በሙሉ ለማየት አለመሞከር ነው። ከመዞሩ በፊት አንድ ሰው ይመርጣል፤ ብዙውን ጊዜ በሚወረውርበት ጎን ያለውን ሴፍቲ ነው። አገጩ ትከሻውን አልፎ እንደወጣ የሚፈልገው ያንን ሰው ብቻ ነው። ቦታው ላይ ካለ እንዳሰበው ይወረውራል፤ ከሌለ ወደ ሌላኛው ጎን ወይም ወደ አጭሩ ተቀባይ ይሄዳል። በልምምድ ላይ ረዳት አሰልጣኝ በሴፍቲው ቦታ ይቆምና ወጣቱ ጀርባውን በሰጠበት ጊዜ ወይ ይቆያል ወይ ይንቀሳቀሳል። ቀላል ይመስላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን አብዛኛው ውርወራ በቀጥታ ወደ ረዳት አሰልጣኙ ደረት ሲሄድ ይታያል።

ስለ ዓይን የቀረው ጉዳይ የከለላ ቆጠራና የተከላካይ ማስመሰል ነው። ከስናፕ በፊት ከለላው ከየትኛው ላይንባከር፣ ማለትም ከተከላካዮቹ የፊት መስመር ጀርባ ከሚቆም ተጫዋች፣ እንደሚቆጠር መታወቅ አለበት፤ ይህ ሰው "ማይክ" ይባላል። በብዙ ቡድኖች ሴንተሩ ቢጠራውም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ኳርተርባኩ ነው። አምስት ሰዎች እየከለሉ ስድስት ከመጡ አንዱ ያለ ጥርጥር ነጻ ይሆናል። ወጣቱ ነጻ የሚሆነው ማን እንደሆነ ቀድሞ ካወቀ ኳሱ ያ ሰው ትቶት ወደመጣው ባዶ ቦታ በፍጥነት ይሄዳል፤ ካላወቀ ጎኑን ይመታል። ለዚህ የሚጠቅመው ጥሩ ልማድ ቪዲዮውን ከስናፕ በፊት አቁሞ "ማይኩ ማን ነው? ስድስተኛው ከየት ይመጣል? ኳሱ የት ይሄዳል?" የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ድምፅ አውጥቶ መመለስ፣ ከዚያ አጫውቶ ማረጋገጥ ነው።

በኮሌጅ ከስናፕ በፊት የሚታየው አቋቋም ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የሚፈጥኑ የስፕሬድ ቡድኖችን የሚገጥም ተከላካይ ለማስመሰል ፋታ አያገኝም። በኤንኤፍኤል የሚታየውን እንደ ግምት ብቻ መያዝ ይገባል። ሴፍቲዎቹ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች ውስጥ እንደገና መጠየቅ አለበት። "ተቀባዩ ክፍት ነው" የሚለው አነጋገርም ትርጉሙ ይለወጣል። በኮሌጅ ክፍት ማለት በአጠገቡ ማንም የሌለ ማለት ነበር። እዚህ በአንድ እርምጃ የቀደመ ተቀባይ ክፍት ነው፤ ኳሱም ፊቱን ከማዞሩ በፊት ከእጅ መውጣት አለበት። ይህን ለመመርመር በጎን በኩል ካሜራ አቁሞ፣ ኳሱ ከእጅ የወጣበትንና ተቀባዩ የዞረበትን ቅጽበት ማነጻጸር በቂ ነው። ክንዱ ጠንካራ የሆነ ወጣት ጉልበቱ መዘግየቱን ስለሚሸፍንለት ይህን ጉድለት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው።

ተጫዋቹ ይህን ሁሉ ቢያደርግም ቡድኑ ግማሽ መንገድ ካልመጣለት ይወድቃል። አሌክስ ስሚዝ በ2004 የአሰልጣኝ ኧርባን ማየርን የዩታ ኮሌጅ ስፕሬድ መርቶ ሳይሸነፍ ዓመቱን ከጨረሰ በኋላ በድራፍቱ የመጀመሪያው ተመራጭ ሆኖ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 1 ታችዳውንና 11 ኢንተርሴፕሽን (በተጋጣሚ የተጠለፈ ውርወራ) ወረወረ፤ የማጥቃት አስተባባሪዎቹም በየዓመቱ ማለት ይቻላል ስለተቀያየሩ በየዓመቱ አዲስ ቋንቋ መማር ነበረበት። ጃሬድ ጎፍ በ2016 ለራምስ የጀመራቸውን 7 ግጥሚያዎች ሁሉ ተሸነፈ። በማግሥቱ ዓመት አሰልጣኝ ሾን ማክቬይ መጣና ቡድኑ ቶሎ እንዲሰለፍ በማድረግ ሬዲዮው ከመዘጋቱ በፊት የተከላካዩን አቋቋም ለጎፍ ይነግረው ጀመር፤ ቡድኑም በሁለተኛው ዓመት ለሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ ለሱፐር ቦውል ደረሰ። ይህ ግን ብድር ነው፤ ተጋጣሚው 15ኛው ሰከንድ ካለፈ በኋላ ቦታ መቀያየር ከጀመረ ኳርተርባኩ ብቻውን ይቀራል። ባልቲሞር በ2019 ለላማር ጃክሰን የማጥቃቱን ክፍል ከሥር ጀምሮ በእሱ ልክ ሲያዋቅር ከዚህ የተሻለ አደረገ፤ ጃክሰን በዚያ ዓመት 36 የውርወራ ታችዳውንና 1,206 ያርድ ሩጫ አስመዝግቦ በሙሉ ድምፅ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

ወጣቱ ወዲያው ይሰለፍ ወይስ ይቀመጥ የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ቦታ ይሰጠዋል። ፓትሪክ ማሆምስ ከቴክሳስ ቴክ ወደ ካንሳስ ሲቲ መጥቶ በ2017 አንድ ግጥሚያ ብቻ ጀምሮ፣ ቀሪውን ጊዜ ወደዚያ ተዛውሮ ከነበረው ከዚያው ከአሌክስ ስሚዝ ጀርባ አሳልፎ በሚቀጥለው ዓመት 50 ታችዳውን ወረወረ፤ ኒውተን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ተሰልፎ አልተጎዳም። ቁምነገሩ የተቀመጠው ልጅ ተቀምጦ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ከ2011ዱ የሥራ ስምምነት ወዲህ በግጥሚያ ወቅት በሙሉ መከላከያ ልብስ የሚደረገው ልምምድ በዓመት 14 ቀን ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ዙር የሚወስደውም ተሰላፊው ነው። ስለዚህ ተጠባባቂው ከተሰላፊው አሥር ያርድ ወደ ኋላ ቆሞ፣ ጥሪውን በሹክሹክታ ደግሞ፣ እርምጃውን ረግጦ፣ ኳሱን ወዴት እንደሚልክ በጣቱ እያመለከተ እያንዳንዱን ዙር አብሮ መጫወት አለበት። ራሱ በልምምድ ላይ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ወክሎ ሲጫወትም ካርዱ ላይ የተጻፈለትን ብቻ ሳይፈጽም የራሱን ተከላካዮች የማንበብ ዕድሉን ይጠቀምበት።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያበቃ የሚከተለው ሥራ የኢንተርሴፕሽኖቹንና ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ መሬት ላይ የተጣለባቸውን ስልቶች ቪዲዮ ሰብስቦ በሦስት መዝገብ መክፈል ነው፦ ጥሪው ወይም ቆጠራው የተሳሳተበት፣ እግሩ የዘገየበት፣ ዓይኑ የተታለለበት። አብዛኞቹ በሦስተኛው መዝገብ የሚገቡ ይመስለዋል። ከእያንዳንዱ ስህተት ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ፣ ከሃድል ሲወጡ ሰዓቱ ስንት ያሳይ እንደነበር ሲያይ ግን በርካታዎቹን ወደ መጀመሪያው መዝገብ ማዛወር ይኖርበታል።